«የሞተባችሁ አለ?»

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ በአጥሬ ሥር ሲያልፍ ለጫጩቶቼ ገብስ እየከካሁ ነበር። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አያ ስመኘው አርፈዋል! ቀብራቸው ከቀትር በኋላ ነው!» እያለ ወደ ገበያው ወረደ። እኔ ለለቅሶ የሚቸኩል ዓይን ነው ያለኝ፤ የማላውቀው ሰው አስከሬን በመንገድ ሲያልፍ እንኳ እንባዬ ይቀድመኛል። ያን ቀን ግን አንዲት ጠብታ አልመጣችም። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። «ሳይነግሩኝ ሞቱ!» አልሁ ጮክ ብዬ። ዶሮዎቹ ደንግጠው ተበታተኑ።

የምጠብቀው አንዲት ቃል ነበረች። «አውቄ ነበር፣ ብርቱ» እንዲሉኝ ብቻ። ካሳ አልጠየቅሁም፣ ሽማግሌ አልላክሁም፣ በአደባባይም ስማቸውን አላነሳሁም። ያቺን ቃል ስጠብቅ ጸጉሬ ሸበተ፤ እሳቸው ደግሞ ይዘዋት ሄዱ።

እስቲ መጀመሪያ ማን እንደነበሩ ልናገር። ሰውየውን ሳያውቁ ያደረጉኝን ብቻ መስማት ለእሳቸውም ግፍ ነው፤ ለእኔም ቢሆን ምን እንዳጣሁ አያሳይልኝም።

ትዳሬ ፈርሶ ደብረ ታቦር ወንድሜ ቤት የተመለስሁት ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የወንድሜ ሚስት ክፉ ሴት አልነበረችም። እንግድነቴን የምታስታውሰኝ በደግነቷ ነበር፤ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እሠራዋለሁ» ባለችኝ ቁጥር ቤቱ የእኔ አለመሆኑን እሰማለሁ። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባል የለ? የእኔም ሕልም አንድ ነበር፤ የራሴን ደጅ መክፈት። አንዲት ክፍል፣ ትንሽ ጓሮ፣ በአንገቴ የማንጠለጥለው የራሴ ቁልፍ። ለዚያ ሁሉ ሕልም በእጄ የነበሩት ደግሞ በወንድሜ ጓሮ የሚጭሩ ጥቂት የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው።

አያ ስመኘው ጎረቤታችን ነበሩ። ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ አፍ ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ነበራቸው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንድ አሮጌ የወታደር ካፖርት የማይለያቸው ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በመጋዘን ሠራተኝነት ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል ወይም ጠላ ቤት ይቀመጣል፤ እሳቸው ዶሮ ውስጥ ገቡ።

የተዋወቅነው በቆሻሻ ክምር ላይ ነው። የደብረ ታቦር የሐምሌ ብርድ ለሰውም አይሆን፤ አንድ ጠዋት ከእናቷ እቅፍ ወጥታ ያደረች ጫጩት ደርቃ አገኘኋትና ከአጥሩ ውጭ ወረወርኋት። ትንሽ ቆይቶ «ይህችን ማን ጣላት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያ ስመኘው ጫጩቷን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠግተዋታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ሞታለች እኮ፣ አያ» አልኋቸው።

«ማን ነገረሽ? እሷ ነገረችሽ?»

አፋቸውን አሞጥሙጠው ትንፋሻቸውን እፍ እፍ አሉባትና በካፖርታቸው ደረት ከተው ሄዱ። በማግስቱ መጡ፤ ጫጩቷ በደረታቸው ውስጥ እየጮኸች። አንድ ዓይነት ኩራት ከፊታቸው ይነበባል። «ጫጩት በጥሬ አይደለም የምታድግ፤ በዓይን ነው። አንቺ ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው?» አሉኝ። ተናደድሁ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ግቢ አልጠፋሁም።

ግቢያቸው በየመጠኑ ዶሮ ነበረበት። ግብርና ካከፋፈለው ዘር የመጣ፣ ደረቱ እንደ ገብስ ነዶ የወፈረ ቀይ የፈረንጅ አውራ ዶሮ አለ። ከእብናት ገበያ ተሸክመዋቸው የመጡ፣ ከርግብ ብዙም የማይበልጡ ጥቁር ዶሮዎች አሉ። በመካከል ደግሞ ከእነዚህ የተዳቀሉ፣ አንዱ እግሩ የረዘመ፣ አንዱ አንገቱ የተላጠ፣ ለማን እንደወጣ የማይታወቅ ጉድ ሁሉ ይርመሰመሳል። የፈረንጇ ዶሮ ትልቅ እንቁላል ትጥላለች፤ ግን ጥላ ትሄዳለች እንጂ አትታቀፍም። የእብናቷ እንቁላሏ ትንሽ ነው፤ ከታቀፈች ግን ቤቱ ቢቃጠል አትነሳም። የአያ ስመኘው ሕልም እነዚህን ሁለቱን በአንዲት ዶሮ ላይ ማግኘት ነበር። «የፈረንጅ ገላ፣ የሐበሻ ልብ!» ይላሉ፣ ሁለቱን እጆቻቸውን እያጋጠሙ።

ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ሊያጽናናቸው ሲሞክር ይቆጣሉ። «ማንም ሳይታቀፈው ነው በእግሩ የሚሄድ?» ይላሉ።

ያ ቀይ አውራ በእነዚያ ጥቃቅን ሴቶች ላይ ሲወጣ ጀርባቸውን በጥፍሩ ይልጠው ነበር። አያ ስመኘው ከጆንያ ጨርቅ ቆርጠው፣ በወስፌ ሰፍተው፣ በክንፋቸው ሥር የሚታሰር ልብስ አለበሷቸው። መንገደኛው በአጥሩ እያሾለከ «የአያ ስመኘው ዶሮዎች ካባ ለበሱ!» እያለ ይስቃል። እሳቸው ግን አያፍሩም። «ባሏ ከባድ ነው፤ ምን ታድርግ» ይላሉ። አንድ ቀን አንዷን ሲያለብሱ ይዤላቸው ሳለ ቀና ብለው አዩኝና «ላንቺም ያኔ አንድ ብሰፋልሽ ኖሮ» አሉኝ። ስለ ትዳሬ ማንም ሰው እንደዚያ አጫውቶኝ አያውቅም። ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁም አለቀስሁ። እሳቸው ዶሮዋን ብቻ እያዩ ቋጠሯቸውን ቀጠሉ።

ጫጩቶች ሲፈለፈሉ የእሳቸው ሥራ መለየት ነው። አንድ ቀን የተፈለፈሉትን እንኳ አንድ ላይ አይተዉም፤ ጠንካራውን በአንድ ቅርጫት፣ ደቃቃውን በሌላ፣ እግሩ የተንሻፈፈውን በሦስተኛው ያስቀምጣሉ። እግረ ሸፋፋውን ሁለቱን እግሮች በሱፍ ክር አቀራርበው ያስሩታል፤ እስኪጠና ድረስ እንደ ተጠለፈ ፈረስ እየዘለለ ይሄዳል። ለደካሞቹ ምድጃ ዳር የሞቀ ድንጋይ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ያስታቅፏቸዋል፤ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጣታቸው ፈርፍረው ያጎርሷቸዋል። እኔ አንድ ጊዜ ሰንፌ ሁሉንም አንድ ላይ ባደርጋቸው፣ ትላልቆቹ አንዲቱን ደቃቃ ረግጠው ገደሏት። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ እንዲህ አሉ፦ «ትልቅ ትንሹን የሚረግጥ ከክፋት አይደለም። ስለማያየው ነው። ለዚህ ነው እኛ የምናይለት።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ከደካማ ጫጩት ጋር ሆነው የማይሄዱበት ቦታ አልነበረም። የጽዋ ማኅበሩ ተራ ወንድሜ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ቄሱ ጸሎት ጀምረው ቤቱ ጸጥ እንዳለ ከአያ ስመኘው ካፖርት «ጭው ጭው» የሚል ድምፅ ወጣ። ቄሱ አቋረጡ።

«አያ ስመኘው፣ ኪስዎ ምን እያለ ነው?»

«አሜን እያለች ነው፣ አባ።»

ቄሱ ራሳቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ጸሎቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ገበያ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ዶሮ ከመግዛታቸው በፊት በራሷ ላይ ያለውን ቀይ ኩክኒ አይነኩ፣ ክብደቷን አያነሱ፣ መጀመሪያ ሻጩን «የሞተባችሁ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ፈንግል የሚሉት በሽታ በአንድ ቤት ሲገባ አገሩን ጠርጎ እንደሚሄድ፣ ሰውም ገና ያልሞቱትን ይዞ ወደ ገበያ እንደሚሮጥ ያውቃሉ። «ጠይቂ፤ መልሱን ግን ከአፉ አትቀበይ፣ ከዓይኑ ተቀበይ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ከገሳይ የመጣ ገበሬ እሳት የመሰለ አውራ ይዞ ሲጠየቅ «ኧረ የለም!» አለና ወደ አህያው ዞር አለ። አያ ስመኘው ጥለውት ሄዱ። እኔ ልቤ ቀርቶ ዞር ዞር እያልሁ «እንዲህ ያለ አውራ!» ብል «የሰውየውን ዓይን አላየሽም? ሬሳ እየሸጠልሽ ነው» አሉኝ።

በገዛናት ዶሮ ላይም ሕግ ነበራቸው። አዲስ የመጣች ዶሮ ከሰንበት እስከ ሰንበት በእንቅብ ሥር፣ ከሌሎቹ ርቃ ትቀመጣለች። ሳትፈተን ከመንጋ አትገባም። «ከንጉሥ ቤትም ብትመጣ!» ይሉ ነበር።

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። እንቁላል በጨለማው ጎተራ በር ቀዳዳ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን እያየን እንመርጣለን፤ በእሳቸው ዶሮም በእኔ ዶሮም እናስታቅፋለን፤ የተፈለፈለውን በርቢ ደንብ እኩል እንካፈላለን። ከዚያ አንድ የጥቅምት ጠዋት በአጥሩ ላይ ሆነው እንደ እብድ ጠሩኝ። ከእኔ ቤት በታቀፈች ዶሮ የተፈለፈለች አንዲት ትልቅ ገብስማ ቄብ፣ እግረ ረጅም፣ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላለች። እጃቸውን ሲሰዱ ነከሰቻቸው። የደማ ጣታቸውን እያሳዩ «ነከሰችኝ! ነከሰችኝ ብርቱ! አንቺ እልል በይ እንጂ፣ እኔ ወንድ ነኝ አይሆንልኝም!» አሉኝ። እልል አልሁ። ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ ወጣ። ከዚያች ዶሮ የወጣው ዘር በሁለታችን ግቢ ተባዛ፤ «የእኛዎቹ» እንላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዐቢይ ጾም የወንድሜ ጓሮ ጠበበኝ። ለፋሲካ ገበያ የሚወጡ አውራዎች፣ እንቁላል የጀመሩ ቄቦች፣ ታቅፈው የተቀመጡ እናቶች ሞልተውታል። ከገበያው ሥር አንዲት ክፍል ከነጓሮዋ አይቼ፣ ባለቤትየዋን አውራዎቹን ሸጬ ለፋሲካ ማግስት እከራያለሁ ብያታለሁ። ሴትየዋም ቁልፉን አሳይታኛለች። እሳቸው ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ክፍሏን አብረውኝ ሄደው አይተዋታል፤ «ቆጡን በዚህ በኩል አድርጊው፣ ነፋሱ ከወዲያ ነው» ብለው ቦታ የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላ የለበሰ ትልቅ ቅርጫት በትከሻቸው ይዘው መጡ።

«ብርቱ፣ እነዚህን ለጥቂት ቀን ያዥልኝ። አጥሬን ላድስ ነው፤ ይበተኑብኛል።»

ነጠላውን ገለጥ ባደርገው ከእኛዎቹ ዘር የወጣ ገብስማ አውራቸውና የመረጧቸው ቄቦች ናቸው። አልጠየቅሁም። አያ ስመኘውን «የሞተባችሁ አለ?» ብሎ መጠየቅ ቄስን «ተጠምቀዋል ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነበር። እንቅብም አላመጣሁም። የዶሮ ቤቴን በር ከፍቼ አንድ በአንድ ከእኔዎቹ መካከል ለቀቅኋቸው። እሳቸው በረንዳው ምሰሶ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ያያሉ። የመጨረሻዋን ስለቅ አፋቸውን ከፈት አደረጉ።

«ምን አሉኝ፣ አያ?»

«ምንም። ብርዱ ጠና ዛሬ።»

ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ።

ሳምንቱ ሳይሞላ ጀመረው። አንዲት ቄብ ክንፏን ጥላ ጥግ ያዘች። በማግስቱ ሌላዋ አንገቷ ተጣሞ ሰማይ ሰማይ ታይ ጀመር። ከዚያማ ቆጥ ላይ ያደሩት ጠዋት ከሥር ይገኛሉ፤ ኩሳቸው አረንጓዴ፣ ምንቃራቸው ክፍት። ነጭ ሽንኩርት ወቀጥሁ፣ ፌጦ በጠበጥሁ፣ አረቄ በጠብታ አጠጣሁ፣ የሞቀ ድንጋይ አስታቀፍሁ። የታቀፈችው ጥቁር ዶሮዬ እንቁላሏ ላይ እንደተቀመጠች ሞተች፤ እንቁላሎቹ ገና ይሞቁ ነበር። ያኔ የምጠራው ሰው አንድ ብቻ ነበርና «አያ ስመኘው! አያ ስመኘው!» እያልሁ ያለ ነጠላ ሮጥሁ።

ሚስታቸው እትየ ዘውዴ ናቸው በር የከፈቱልኝ። የሆንሁትን ስነግራቸው እጃቸውን በጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«እናንተም ቤት ገባ? ወይ ጉድ! እኛማ የፊተኛው ሳምንት ቅዳሜ አይደለም የቀበርነ? ጓሮው ሙሉ ጉድጓድ ነው፤ ስመኘው እህል ካፉ አልገባም እስከ ማክሰኞ።»

ምንም ተንኮል አልነበረባቸውም፤ የሚያጽናኑኝ መስሏቸው ነው። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ጓሮውን አየሁ። አዲስ የተቆፈረ አፈር፣ በላዩ እሾህ ተደፍቶበታል። አጥሩ ደግሞ እንደ ድሮው ነው፤ አንድም አዲስ እንጨት አልተተከለበትም።

አያ ስመኘው ከቤት ወጡ። ፊቴን አዩት። እኔ አንዲት ነገር እየጠበቅሁ ቆምሁ። ቢመቱኝ ይሻል ነበር እንጂ ያሉትስ ይህ ነው፦

«የእኔዎቹስ?»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። የእሳቸውን ለማዳን የእኔን ቤት መረጡ፤ ይህም ይሁን፣ ሰው ሲጨንቀው ያደርጋል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ እስከ ዛሬ የማየው ያቺን ምሰሶ ይዘው የቆሙባትን ሰዓት ነው። በሩን ስከፍት አይተዋል። እንቅብ እንዳላመጣሁ አይተዋል። ራሳቸው ያስተማሩኝን ሕግ በእሳቸው ፍቅር ስሽር ቆመው አይተዋል። ትልቅ ትንሹን የሚረግጠው ስለማያየው ነው ብለውኝ አልነበር? እኔን ግን እያዩኝ ነው።

የሞቱትን የቀበርሁት ከወንድሜ ሚስት ጋር ነው። ቀሚሷን ሰብስባ አብራኝ ቆፈረች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኋት። ከመንጋው ሁሉ በሕይወት የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ከእኔዎቹ አንድም አልቀረም። ከእሳቸው ግን ገብስማው አውራና ሁለት ቄቦች ጸኑ፤ በሽታውን ከቤታቸው ለምደውት መጥተዋል መሰለኝ። አያ ስመኘው በዚያው ቅርጫት ሊወስዷቸው መጡ። ያን ጊዜም ጠበቅሁ። ቅርጫቱን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ወጡ።

ከገበያው ሥር ያለችው ክፍል ለሌላ ሰው ተከራየች። እኔ ከወንድሜ ቤት እስክወጣ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ለሱቆች በማከፋፈል ነው የኋላ ኋላ የወጣሁት። ዶሮ ያረባሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

ከአያ ስመኘው ጋር አልተጣላንም፤ ይህ ነው የሚገርመው። በመንገድ ስንገናኝ «እንዴት አደሩ?» እላለሁ፤ «እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ?» ይላሉ። በአፌ አንቱ፣ በሆዴ ግን አንተ እያልሁ አሳልፋቸዋለሁ። የእሳቸው ስም እየገነነ ሄደ። ከገሳይ ሳይቀር ገበሬው «የአያ ስመኘው ዘር» እያለ የገብስማውን ጫጩት ፍለጋ ይመጣል። እኔ ያቺ ዘር በማን ሬሳ ላይ ተሻግራ እንደዳነች አውቃለሁ። ሰው ሲያመሰግናቸው ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለት ደግሞ ያሳምማል።

አንድ ጊዜ በሰው እጅ እንቁላል ላኩልኝ፤ በጭድ ተጠቅልሎ፣ በትንሽ ቅርጫት። መልኩን ሳየው የእኛዎቹ እንቁላል ነው፤ ላስታቅፈው እንደላኩት ገባኝ። እርቅ መሆኑ ነው። ታዲያ አንድ ሰው አፍ እያለው በእንቁላል ይናገራል? መጥበሻ አጋልሁና ሁሉንም ጠበስሁት። በላሁት። ጣፈጠኝ ብል ግን ውሸት ነው፤ የመጨረሻውን ጉርሻ በእንባ ነው የዋጥሁት።

እንግዲህ ያን ሰው ነው ቀብር የሄድሁት። ሰው ተጣላሁ ብሎ ከቀብር አይቀርም፤ እኔ ደግሞ ተጣላሁ ማለትም አልችልም። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥሁ። ያ ካፖርት በሬሳው አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሴቶቹ እየደረደሩ ያለቅሱበታል። ደረቱ ላይ ያለው ጨርቅ ከዘመን ብዛት ተበልቷል፤ ጫጩት ሲከቱበት የኖሩበት ቦታ ነው። ያን አይቼ እንኳ ዓይኔ ደረቅ ነበር። የሴቶቹ ዓይን ታዝቦኛል።

የሺ የምትባለው ልጃቸው መጥታ እጄን ያዘችኝና ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ያ ሁሉ ጉድጓድ የነበረበት ቦታ አሁን ጎመን ተተክሎበታል። የዶሮ ቤቱ ተጎሳቁሏል። ዶሮዎቹ ገብስማ ናቸው፣ እግረ ረጅም። አወቅኋቸው።

«እትየ ብርቱካን፣ አባባ ሲደክሙ ‹ዶሮዎቹን ለብርቱካን ስጡልኝ› ይሉ ነበር። ‹ከእኔ እጅ የእሷ እጅ ይበልጣል› እያሉ። ያኔ ፈንግል የገባ ጊዜም ለዚያ ነው አሉ ወደ እርስዎ የወሰዷቸው። ‹እሷ ዘንድ ከደረሱ አይሞቱም› ብለው።»

እንደ ምስጋና ነው የነገረችኝ፤ ያጽናናኛል ብላ። እኔ ግን የዶሮ ቤቱን ግንድ ያዝሁ። ለካ ንቀውኝ አልነበረም። እጄን አምነውት ነበር። ታዲያ ምን አለ ይህችን ለእኔ ቢሏት? «ብርቱ፣ በሽታ ገብቶብኛል፣ እርጂኝ» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ለሚስት ይነገራል፣ ለልጅ ይነገራል፣ ለእኔ ግን «አጥሬን ላድስ ነው»። አምኖ መክዳት ከንቆ መክዳት ይሻል እንደሆነ ጠይቁኝ፤ አይሻልም።

«አሁኑኑ ይውሰዷቸው» አለች የሺ። «ለቅሶኛው ሲበዛ የሚያያቸው ጠፋ። ቅርጫቱ ይኸውና።»

ቅርጫቱ ያው ቅርጫት ነው። ወደ ዶሮዎቹ ዞርሁ። አንዲት ቄብ ከሌሎቹ ተለይታ፣ ክንፏን ጥላ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ከዚያ የአያ ስመኘው ጥያቄ ከእኔ አፍ ወጣ።

«የሺ፣ የሞተባችሁ አለ?»

ዓይኗን አየሁት፤ እንደተማርሁት። እሷም አየችኝ። አልዞረችም።

«አዎ፣ እትየ። ትናንት አንዲት፣ ዛሬ ጠዋትም ሌላ። መንገር ነበረብኝ፤ በለቅሶው መካከል ጠፍቶብኝ ነው።»

ያኔ እንባዬ መጣ። እንደ ጎርፍ መጣ። ሴቶቹ ከድንኳኑ ሰምተው ወጡ፣ ግራና ቀኝ ደገፉኝ፣ «አይዞሽ፣ እንደ ልጃቸው ነበርሽ እኮ» አሉኝ። የሺ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ቅርጫቱን አቅፋ ቆማለች። ያለቀስሁት ለማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም። እኔም በደንብ አላውቀውም።

«ከዚህ ግቢ እንዳይወጡ» አልኋት ለየሺ፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ። «ያቺን ጥግ የያዘችውን ለይያት። ለጎረቤትም ንገሩ። እኔ እመጣለሁ።»

ቤቴ ሄጄ የለቅሶ ልብሴን ለወጥሁ። እዚያው ጥዬው የምመለስ አሮጌ ጫማ አደረግሁ፤ የእኔን ዶሮዎች ዳግም በሰው ቤት በሽታ አላስፈጅም። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በጨርቅ ቋጠርሁ። ወጥቼ በጋፋት መንገድ ወደ አያ ስመኘው ግቢ ተመለስሁ።

መንገዱ አጭር ነው። እሳቸውም ቢጠሩኝ ኖሮ፣ በዚሁ መንገድ እሄድላቸው ነበር።